በአናናስ ሴቶች ቤት የተገኘ በረኪና

በአክብሮት ዶኛ እያልን የምንጠራት ሮስሚራ ሰኞ ጠዋት በጽዳት ማኅበሯ መጋዘን ውስጥ፣ በአቼቶ በርሜሎቿ መካከል ወድቃ ሞታ ተገኘች። አጠገቧ አንድ ባልዲ ነበር፤ ባልዲው በረኪና በረኪና ይሸታል። የከተማችንን የፑኤርቶ ማንሶን ሰው ከሞቷ ይልቅ ያስደነገጠው ይሄኛው ነው። የከተማዬ ሰዎች ባይሆኑ ኖሮ በስማቸው እየጠራሁ እሰድባቸው ነበር።

ሮስሚራ ወጣትነቷን የጨረሰችው ባሕሩ ዳር ባለው ትልቅ ሆቴል መጸዳጃ ቤት ስታጥብ ነው። ሳንባዋ በበረኪና ተቃጠለና አሰናበቷት። ከሆስፒታል ስትወጣ «ከእንግዲህ ይሄ መርዝ እኔ ባለሁበት አይገባም» አለች፤ አደረገችውም። ሴቶች ሰበሰበች። ገበያ ላይ ከሚጣለው የአናናስ ልጣጭ አቼቶ ያወጣሉ፣ ጥብስ ሻጮች ከሚደፉት ዘይት ሳሙና ይሠራሉ፣ አመድና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ቀላቅለው ድስቱንም ወለሉንም ይፈትጋሉ። መጀመሪያ «የአናናስ ሴቶች» እያልን ሳቅንባቸው። ኋላ የገበያውን ጽዳት ሰጠናቸው፣ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን። ስሙ ግን እንደወጣ ቀረ፤ እነሱም ወደዱት።

በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ የከተማውን የሕዝብ ሕንፃዎች ጽዳት በሙሉ ለማኅበሩ ሊሰጥ ነበር። አሁን ግን ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ወሬ ሌላ ሆነ። ሴትዮዋ ለካስ ተደብቃ በረኪና ስትጠቀም ኖራለች፤ ከአቼቶ ጋር ደባልቃ ራሷን ገደለች ተባለ። ይህ ወሬ ከጸደቀ ሮስሚራ የምትቀበረው ውሸታም ተብላ ነው፤ ማኅበሩም አብሯት ይቀበራል።

ከአውራጃው የተላከችው መርማሪ ኦዲልያ ካሬኞ ትባላለች። ጉልበቷን ስለሚያማት ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፤ ሰው ሲያጣድፋት ደግሞ ጭራሽ ትቆማለች። ገና ከአውቶቡስ ሳትወርድ አለቃዋ ደወለላት። በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጡ ማንም ባለ ቤት ያውቃል፣ ነገሩ አደጋ ነው፣ ሪፖርቱን እስከ ምሳ እፈልጋለሁ አላት።

«ምሳዎን ይብሉ ጌታዬ» አለችው፤ «ሪፖርቱ ሲደርስ ይደርሳል።» ስልኩን ዘጋችና ወረደች።

መጋዘኑ ውስጥ ሮስሚራ በግንባሯ ተደፍታለች። እጇ አጠገብ አቼቶ የነበረበት ማሰሮ ተሰብሯል። ባልዲው ከበሩ ጥግ ነው፤ ክዳኑ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ኦዲልያ አፍንጫዋን በመሐረብ ሸፍና በርሜሎቹን አንድ በአንድ ዞረች። ከኋላቸው አየች፤ ከመደርደሪያው ሥር አየች፤ ጓሮ ወጥታ የቆሻሻ መጣያውን ገለበጠች። የምትፈልገውን አላገኘችም፤ ባለማግኘቷም ደስ አላት።

ሬሳውን ያገኘችው ዲልሳ በሩ ላይ ቆማለች። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ከማኅበሩ ሴቶች ሁሉ አንደበተ ክፉ የምትባል ናት። አላለቀሰችም፤ ጥርሷን ነክሳለች።

ኦዲልያ የጠዋቱን ሥራ እንድትነግራት ጠየቀቻት። ዲልሳም ነገረቻት። በከተማው የቧንቧ ውኃ የሚመጣው ማታ ነው። ስለዚህ መጨረሻ የሚወጣ ሰው ባልዲውን ውኃ ሞልቶ፣ ትንኝ እንዳይራባበት ከድኖ ያድራል። ሮስሚራ ጎህ ሲቀድ ብቻዋን ትገባለች፣ ዝንብ እንዳይገባ በሩን ትዘጋለች፣ ባልዲው ላይ አንድ ማሰሮ ጠንካራ አቼቶ ታፈስና ወለሉን ታጥባለች። የመጋዘኑ ቁልፍ የሚሰቀለው በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም።

«ወለሉ ከታጠበ በኋላስ?»

«ሰኞ ሰኞ በርሜል እናያለን። ሁላችንም እንከባለን። ቀኝ እጇ ያኔሪስ የበርሜሉን ጨርቅ ትገልጣለች፣ ሮስሚራ ጎንበስ ብላ ታሸትታለች። ወይ ደርሷል ትላለች፣ ወይ ይቆይ ትላለች። የእሷ አፍንጫ እኮ… ይኼን በረኪና ሻጩን ዶን አቤላርዶን ይጠይቁት። ከመንገድ ማዶ ነበር የምትለየው።»

«ተሳስታ አታውቅም?»

«አንዴ ብቻ። ያኔሪስ ለእህቷ ሰርግ የሄደች ጊዜ፣ የተበላሸ በርሜል ደርሷል ብላ አስቀዳችን። ደንበኛው ሁሉ መለሰው። ከዚያ ከዝናቡ ወራት ትኩሳት በደንብ አላገገመችም መሰለኝ። ያኔም ያስታመመቻት ያኔሪስ ናት፤ እኔን ጎረቤቷን እንኳ ቤቷ አታስገባኝም ነበር።»

«ጎረቤት ሆናችሁ?»

ዲልሳ ፊቷ ተለወጠ። ጎረቤቷማ ናት። ግን ሳምንቱን ሙሉ ተኳርፈዋል። በሮስሚራ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር አይጥ ሞቶ ሸቷል፤ ዲልሳ አውጪው ትላለች፣ ሮስሚራ ምንም የለም ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ ሲጨቃጨቁ ሰምቷል። «ለእልህ ነው ያልኳት። የጽዳት እመቤት ነኝ እያልሽ የበሰበሰ አይጥ ታቅፈሽ ታድሪያለሽ አልኳት። የመጨረሻ ንግግራችን ይሄ ነው፤ አፌን በቆረጠው።»

ኦዲልያ ልታጽናናት አልሞከረችም። በቀጥታ ወደ ሮስሚራ ቤት ሄደች፤ እውነትም ገና ከበሩ አይጡ ይከረፋል። ጠረጴዛው ላይ የሎሚ ሥዕል የተለጠፈበት አዲስ የታሰረ ሪባን ያለው የሽቶ ጠርሙስ አገኘች። ከፍታ አሸተተችው፤ ሥዕሉን አየች፤ ደግማ አሸተተችው። ከዚያ ሽቶውን ማን እንዳመጣው ጠየቀች።

ያመጣው የሮስሚራ የወንድም ልጅ ኤቬልዮ ነው። በባለ ሦስት እግር ብስክሌቱ ከገበያ ልጣጭ የሚሰበስበው እሱ ነው። ትልቅ ሰው ሲሆን እንደ ሕፃን ዓይኑ አብጦ ቁጭ ብሏል። ሽቶውን ቅዳሜ ለልደቷ ሰጣት።

«ምን አለችህ?» አለች ኦዲልያ።

«አሸተተችና "የሎሚ ሽታ ስወድ" አለችኝ። ቫኒላ እኮ ነው የቀዳሁበት! እኛ ጠርሙስ አንጥልም፣ ያገኘነውን አጥበን እንሞላለን፤ የተገኘው የሎሚው ጠርሙስ ነበር። እየቀለደችብኝ መስሎኝ ተቀይሜ ወጣሁ።»

ኦዲልያ ሌላ ነገር ልትጠይቀው ስትል እሱ ራሱ ቀደማት። ከዶን አቤላርዶ ሱቅ በረኪና በጀሪካን ያመጣ እንደነበረ፣ የምትልከውም ያኔሪስ እንደሆነች ተናገረ። ለሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ነው፣ ለአክስትህ እንዳትነግራት ብላዋለች። ጀሪካኑን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቀምጦላት ይመለሳል። የሆቴል መዋኛ በረኪና ትምህርት ቤት በር ላይ ምን ይሠራል ብሎ ራሱን አልጠየቀም። አንዳንድ ሰው መልሱን ስለሚፈራ አይጠይቅም፤ ኤቬልዮም ከነዚያ ነው።

ዶን አቤላርዶ ሱቁ ውስጥ በሰማያዊ ጀሪካኖች ተከቦ ነው የጠበቃት። ሐዘን አልሞከረም፤ ይህን አከበረችለት። ትምህርት ቤቱን ካጣ ወዲህ ዛሬ ገና ፊቱ በርቷል።

«እኔን እንዳይጠረጥሩኝ» አላት። «እኔ እኮ እሷ ባለችበት ስብሰባ የምሄደው ታጥቤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ ነው። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ከኋላዋ ብቀመጥ ሳትዞር "አቤላርዶ፣ ወደዚያ ራቅ በል" አለችኝ። በዚያ አፍንጫ ላይ በረኪና ደብቄ ልገድላት? ክዳኑን ሳትነካው አገር ይያዝልኝ ትል ነበር።»

«የተገኘው በረኪና ግን ያንተ ነው።»

«የእኔ ነው እንጂ! ደንበኞቼ ናቸዋ። ዛሬ ምክር ቤት ፊት ቆሜ የምናገረውም እሱን ነው።»

ከዚያ ወጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች። የማኅበሩ መወልወያ ጨርቆች ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ጥቁር ሰማያዊ ናቸው፤ ግን የተነከሱ ይመስል ነጭ ነጭ ነጥብ ጣል ጣል ብሎባቸዋል። አቼቶ እንዲህ አያደርግም። ዳይሬክተሯ ስትጠየቅ፣ በዝናቡ የግድግዳው ሻጋታ አልለቅ ብሎ እንደነበር፣ ከዚያ ግን ያኔሪስ የትምህርት ቤቱን ሥራ ከያዘች ወዲህ እንደ ወተት እንደነጣ በአድናቆት ነገረቻት። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የልጇን ነጭ ነጥብ የወጣበት ዩኒፎርም ይዛ መጥታ ለሮስሚራ አሳይታታለች። ሮስሚራ ዩኒፎርሙን ወደ ብርሃን ይዛ አየችው፤ አመሰግናለሁ ብላ ሄደች።

ያኔሪስን እዚያው ግቢ ውስጥ አገኘቻት። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ንግግሯ የተለካ ሴት ናት። ሮስሚራ ካረፈች ማኅበሩን የምትመራው እሷ እንደምትሆን ሁሉም ያውቃል። ትናንት ማታ ከእናቷ ጋር እንደነበረች፣ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ትምህርት ቤት እንደነበረች ሳትጠየቅ ተናገረች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛም መሰከረላት።

«የት እንደነበርሽ አልጠየቅሁሽም» አለች ኦዲልያ። «የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ያ የሚባልለት አፍንጫዋ እስከ መጨረሻው ይሠራ ነበር?»

ያኔሪስ አልዘገየችም። «እስከ መጨረሻው። ባለፈው ሰኞ እንኳ በርሜል አሽትታ መርጣለች፤ ሁላችንም አይተናል።»

ኦዲልያ አመሰገነቻትና ሁሉም መጋዘኑ ድረስ እንዲመጡ አዘዘች። አለቃዋ እንደገና ደወለ። አላነሳችውም።

አስከሬኑ ተነስቷል፤ በሩና መስኮቶቹ ተከፍተዋል። የማኅበሩ ሴቶች፣ ኤቬልዮ፣ አቤላርዶ በርሜሎቹን ከበው ቆሙ። ኦዲልያ ብቻ ናት የተቀመጠችው፤ ጉልበቷ ነው።

«ውሸታም ነበረች የሚለውን ወሬ መጀመሪያ እንጨርሰው» አለች። «ሮስሚራ በረኪናውን ራሷ ጨምራ ቢሆን ኖሮ የመጣበት ዕቃ የት ሄደ? መጋዘኑን ፈትሻለሁ፣ ቆሻሻውን ገልብጫለሁ። ጀሪካን የለም፣ ጠርሙስ የለም። የሞተ ሰው ዕቃ አያወጣም። ስለዚህ በረኪናውን ሌላ ሰው አምጥቶ፣ ውኃውን ደፍቶ፣ ባልዲውን ሞልቶና ከድኖ ሄዷል። ከዚያ በኋላ የቀረውን የምትሠራው እሷ ናት። እንደ ልማዷ ክዳኑን ታነሳለች፣ አቼቶዋን ታፈሳለች። ሳንባዋ ደግሞ አስቀድሞ የተቃጠለ ነው።»

ዲልሳ እጇን ደረቷ ላይ አጠፈች። «አልኳችሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ቁልፉ ምስማር ላይ ነው፤ ልማዷን ከተማው ያውቃል። ማን መግባት ይችል ነበር ካልን ሁላችሁም ትችላላችሁ። የት ነበራችሁ ብዬ ያልጠየቅኋችሁም ለዚህ ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ከመንገድ ማዶ በረኪና የሚሸታት ሴት ክዳኑን አንስታ፣ ጎንበስ ብላ፣ አቼቶ እስክታፈስ ድረስ እንዴት አልሸተታትም?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አልሸተታትም፤ ምክንያቱም ምንም አይሸታትም ነበር። ቫኒላውን የጠርሙሱን ሥዕል አይታ ሎሚ አለችው። አይጡ አጠገቧ በስብሶ አላወቀችም። የዝናቡ ትኩሳት አፍንጫዋን ይዞት ሄዷል። ደበቀችው፤ የማኅበሩ አቼቶ የሚመረጠው በእሷ አፍንጫ ነዋ።»

ዲልሳ አፏን በእጇ ያዘች። አይጡ ትዝ አላት፤ ያለቻት ሁሉ ትዝ አላት፤ አሁን ነው ያለቀሰችው።

ኦዲልያ ቀጠለች። «እንግዲህ አስቡት። ይህን ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው አፍንጫዋ እንደሞተ የሚያውቅ ብቻ ነው፤ ያላወቀ አይሞክረውም፤ ይነቃበታላ። ዶን አቤላርዶ ቢገድላት ደስ ሊለው ይችላል፤ ግን እሷን ፈርቶ ሸሚዝ የሚቀይር ሰው ነው። ኤቬልዮ ቢያውቅ ኖሮ ሽቶ አይሰጣትም። ዲልሳ ብታውቅ ኖሮ ስለ አይጥ ሳምንት ሙሉ አትጮህባትም። የቀረው፣ በትኩሳቱ ጊዜ ቤቷ የገባው ሰው ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ያኔሪስ ዞረ። ያኔሪስ አልተነቃነቀችም። «ማስታመም ወንጀል ሆነ?» አለች። «አፍንጫዋ ደህና ነበር። ሰኞ ሰኞ ትመርጥ አልነበር?»

«ትመርጥ ነበር። እንዴት እንደምትመርጥ ነው ማየት የምፈልገው።» ኦዲልያ ከቦርሳዋ ጥጥ አውጥታ ሁለቱንም የአፍንጫዋን ቀዳዳ ደፈነች፤ በዚያው በተዘጋ ድምፅ «ነይ፣ ለእሷ እንደምትገልጪላት ግለጪልኝ» አለች።

ያኔሪስ እጆቿን ከኋላዋ አደረገች። «አልነካም።»

«ጨርቅ ማንሳት ነው እኮ።»

«አልነካም አልኩ።»

ያኔ ዲልሳ ዓይኗን በመዳፏ ጠርጋ ወደፊት ወጣች። «እኔ ላሳይዎት። ስንቴ ቆሜ አይቻለሁ።» ያኔሪስን እያስመሰለች በመጀመሪያው በርሜል ላይ የጨርቁን ጥግ ብቻ ገለጥ አደረገች። «እዚህ ላይ ሮስሚራ ይቆይ ትላለች።» ሁለተኛውም ላይ ጥጉን ብቻ። «ይቆይ።» ሦስተኛው ላይ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ አንስታ ክንዷ ላይ ጣለችው፤ «እዚህ ላይ ደርሷል…» ብላ ከአፏ ሳትጨርስ ቆመች። እጇ ላይ ያለውን ጨርቅ አየችው።

«አየሽ፣ እኔም አሁን አፍንጫዬ ተደፍኖ መምረጥ ችያለሁ» አለች ኦዲልያ። «ሲደርስ ሙሉውን፣ ሳይደርስ ጥጉን። የምታሸትተው ያኔሪስ ናት፤ ሮስሚራ የያኔሪስን እጅ እያየች ትናገራለች። ያኔሪስ ሰርግ በሄደችበት ሳምንት ምልክት የሚሰጥ ሰው ጠፋ፣ የተበላሸው በርሜል አለፈ። ያኔሪስ ይህን ሁሉ እያወቀች ዛሬ አፍንጫዋ እስከ መጨረሻው ይሠራ ነበር አለችኝ። ለምን ዋሸችኝ?»

ለምን እንደሆነም ኦዲልያ ራሷ ተናገረች። ያኔሪስ የትምህርት ቤቱ ሻጋታ ሲያስቸግራት በድብቅ በረኪና አስመጥታለች። ነጭ ነጥብ የወጣበት ዩኒፎርም ለሮስሚራ ነገሩን ገለጠላት። ዛሬ ምክር ቤት ፊት ሊነገር የነበረው ይህ ነው።

ያኔሪስ ከዚህ በኋላ አልካደችም፤ አንገቷንም አልደፋችም። «ለምኛታለሁ» አለች። «ከውሳኔው በኋላ እናስተካክለው አልኳት። "ከውሳኔው በፊት ነው የምናገረው፣ ከፈለጉ ይንሱን" አለች። ስንት ዓመት የለፋንበትን ለአንድ ግድግዳ ልታፈርሰው! ማኅበሩን ያተረፍኩት እኔ ነኝ።»

«ማኅበሩን?» አለች ዲልሳ። «በረኪናው በእሷ ስም እንዲላከክ ትተሽ ስትሄጂ የትኛውን ማኅበር ነው ያተረፍሽው?»

ያኔሪስ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ፖሊሶቹ ሲወስዷት በርሜሎቹን አላየችም።

አቤላርዶ ኮፍያውን አደረገ። ሐዘኔን ተቀበሉኝ አለ፤ ግን ማንም ይግደላት ማን፣ ማኅበሩ ትምህርት ቤት ውስጥ በረኪና መጠቀሙን መርማሪዋ ራሷ አረጋግጣለች፣ ምክር ቤት እንገናኝ ብሎ ወጣ። እውነቱን ነው፤ እውነት አንዳንዴ የማይረባ ሰው አፍ ውስጥም ይገኛል። ከሴቶቹ አንዷ ዝም ብንልስ አለች። ኤቬልዮ እኔ ዕዳውን ልውሰደው አለ። ዲልሳ ሁለቱንም በዓይኗ ዝም አሰኘቻቸው።

ምክር ቤቱ ፊት አቤላርዶ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ዲልሳ ቀድማው ተነሳች። ሽርጧን እንኳ አልፈታችም።

«እህታችን ዛሬ እዚህ ቆማ አንድ ነገር ልትናገር ነበር፤ እንዳትናገረው ተገደለች። ስለዚህ እኔ እናገረዋለሁ። ልጆቻችሁ ክፍል ውስጥ በረኪና ገብቷል። ያስገባነው እኛ ነን፤ አንዷ ስታስገባ ሌሎቻችን አላየንም። ሮስሚራ አልዋሸቻችሁም። ስለ አፍንጫዋ ዋሽታ ይሆናል፤ ስለ ሥራዋ ግን በሕይወቷ አንድ ቀን አልዋሸችም። ውሳኔያችሁን እንደፈለጋችሁ አድርጉት።»

እንደፈለጉ አደረጉት። ሥራውን ነፈጓቸው፤ ትምህርት ቤቱንም ነጠቋቸው። አቤላርዶ ያጨበጭባል ብለን ነበር፤ አላጨበጨበም። ለምን እንደሆነ እሱን ጠይቁት።

ሴቶቹ ከምክር ቤቱ የወጡት ወደ ቤታቸው አይደለም። አቼቶአቸውን፣ አመዳቸውን፣ ባልዲያቸውን ተሸክመው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰለፉ። ዳይሬክተሯ ማኅበሩ እንዳይገባ ታዝዣለሁ አለች።

«ትእዛዝሽን አክብሪ» አለቻት ዲልሳ። «ማኅበሩን አታስገቢ። እኔ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እናት ነኝ፤ የልጄን ክፍል ላጥብ ነው የመጣሁት። ይቺም እናት ናት፣ ያቺም እናት ናት። እናት አታስገቢ ተብለሻል?»

ዳይሬክተሯ ከበሩ ዞር አለች።

መስኮቱን ሁሉ ከፍተው እስኪመሽ ፈተጉ። ያቺ ዩኒፎርም ያመጣችው እናት መጥታ ባልዲ ያዘች። ከዚያ ሌላ መጣች፤ ከዚያ እኔም ሄድኩ። ምክር ቤቱ ትምህርት ቤቱን እስከ ዛሬ ለማኅበሩ አልመለሰም። ሴቶቹ ግን በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ውጡ የሚላቸውም አልተገኘም።